የሚፈስ ደም፣ የሚቀመጥ ሰው

ከዓመታት በፊት በአንድ ክረምት፣ ለክረምት ተማሪዎች ትምህርት ለመስጠት ከአንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባችን ጋር ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ በአውቶቡስ ተጓዝን። መንገዱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ነቀምት አድረን፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን፣ ጊምቢን፣ ነጆን፣ መንዲንና ባምባሲን አልፈን አሶሳ ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ባልደረባችን በመስኮት በኩል ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ከፊት ለፊቱ ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ በመንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ውኃ ሳይጠጡ ሁለቱን ቀናት አሳለፉ። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም እንኳ የሚወርዱት ሲጋራቸውን ለማጨስ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የግራ ባታቸው አበጠ። ሲነካ ይሞቃል፤ ሲረግጡት ያማል። አንዱ «የመንገድ ድካም ነው» አለ፤ ሌላው «ብርድ መትቷቸው ነው» አለ። ያረፍንበት ቤት ባለቤት በደግነት በአካባቢው የታወቁ ወጌሻ አስጠሩ፤ ለማሻው የሚሆን ቅቤም ቀረበ። በዚህ መካከል ከጎረቤት የመጣች አንዲት ነርስ እግሩን አየችና «ጋሼ፣ እባክዎን ይህን እግር ማንም እንዳያሸው፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች። ሐኪሙ ከመረመሯቸው በኋላ በባታቸው ውስጥ ባለው ጥልቅ የደም ሥር ደም መርጋቱን ነገሯቸው። እግሩ ታሽቶ ቢሆን ኖሮ የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ሊሄድና በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወታቸውን ሊያሳልፍ ይችል ነበር።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ የፊዚክስ መምህራን ነን። ይሁን እንጂ ደም ፈሳሽ ነው፤ የደም ሥርም ቧንቧ ነው። ፈሳሽ በቧንቧ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ፣ መቼስ እንደሚቆም ማጥናት ደግሞ ሙያችን ነው። በዚህ ጽሑፍ የዕለት ተዕለት ልማዳችን በደማችን አፈሳሰስና አረጋግ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ይህም ሥር ከሰደዱ በሽታዎች ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለአንባቢያን ለማብራራት እንሞክራለን።

መርጋት በረከት ነው

አስቀድመን አንድ ነገር እናስተካክል። የደም መርጋት በራሱ በሽታ አይደለም። ደማችን የማይረጋ ቢሆን ኖሮ እሾህ የወጋው እረኛ ወይም ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን የቆረጠች እናት ደማቸው እየፈሰሰ ይቸገሩ ነበር።

የደም ሥር ሲቀደድ በመጀመሪያ የሚደርሱት ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የሕዋስ ቁርጥራጮች ናቸው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ያህሉ ይገኛሉ። እነዚህ በተቀደደው ስፍራ ላይ ተጣብቀው ጊዜያዊ ውታፍ ይሠራሉ። ከዚያም በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ፣ እንደ ዱላ ቅብብል ሯጮች መልእክቱን ያስተላልፋሉ። በመጨረሻ ትሮምቢን የተባለው ኤንዛይም በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘውን ፋይብሪኖጅን ወደማይሟሟ የፋይብሪን ክር ይለውጠዋል። ክሮቹ እንደ ዓሣ መረብ ተጠላልፈው ቀይ የደም ሕዋሳትን ይይዛሉ። ወተት እርጎ ሲሆን «ረጋ» እንደምንለው ሁሉ ደሙም «ረጋ» እንላለን።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ቁስሉ እየዳነ ሲሄድ ፕላዝሚን የተባለ ሌላ ኤንዛይም መረቡን ቆራርጦ ያሟሟዋል። እንግዲህ በሰውነታችን ውስጥ ዘወትር ሁለት ኃይሎች በሚዛን ላይ ናቸው፤ አንደኛው ያረጋል፣ ሁለተኛው ያሟሟል። ጤንነት ማለት ደሙ በሚገባው ቦታና ጊዜ ብቻ ሲረጋ ነው። ልማዶቻችን የሚያዛቡት ይህንኑ ሚዛን ነው።

ሦስቱ ምክንያቶች

ሩዶልፍ ቪርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ፣ በሳንባ ደም ሥር ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም ብዙ ጊዜ እዚያው የተፈጠረ ሳይሆን ከእግር ተነሥቶ የተጓዘ መሆኑን አሳየ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1856 አሰባስቦ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ደም ያለ ቦታው እንዲረጋ የሚያደርጉትን ምክንያቶች በሦስት ከፍለው በስሙ ሰየሟቸው። እነርሱም የደም አፈሳሰስ መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መቁሰልና የደሙ ይዘት መለወጥ ናቸው። ከእነዚህ ሦስት በሮች አንዱ ሲከፈት አደጋው ይጀምራል፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ በአንድነት ሲከፈቱ ደግሞ ይበረታል። ባልደረባችን በዚያ ጉዞ ሦስቱንም ሳያውቁ አንኳኩተዋል።

የመጀመሪያው በር፦ የቆመ ደም

ልብ ደምን ወደ እግር መግፋት አያዳግተውም፤ ቁልቁለት ነውና። አስቸጋሪው መመለሱ ነው። አንድ ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ከልቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያለው ከፍታ 1.2 ሜትር ያህል ነው እንበል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተማርነው የፈሳሽ ዓምድ ግፊት የእፍጋት፣ የመሬት ስበትና የከፍታ ብዜት ነው። የደም እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 1,060 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ግፊቱ 12,500 ፓስካል ገደማ ይሆናል። ይህም 93 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መሆኑ ነው። ተቀምጠን ከፍታው ወደ 0.8 ሜትር ቢወርድ እንኳ ግፊቱ ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ነው። በደም መልስ ውስጥ ያለው ደም ይህን ዓምድ ተሸክሞ ሽቅብ መውጣት አለበት።

ተፈጥሮ ለዚህ መፍትሔ አዘጋጅታለች። በደም መልሶቻችን ውስጥ ደም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንዳይሄድ የሚያግዱ ቫልቮች አሉ። በአጠገባቸው ደግሞ የባት ጡንቻ አለ። በተራመድን ቁጥር ጡንቻው ደም ሥሩን ይጨምቀዋል፤ ደሙም ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ምክንያት ስንራመድ በቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ይወርዳል። ባት ሁለተኛ ልብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ፣ የደረት ልብ ሳንጠይቀው ሲሠራ የባት ልብ ግን ካልተራመድን በስተቀር መቆሙ ነው።

ይህን እውነት ዓለም በመራራ መንገድ ተምሮታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የለንደን ነዋሪዎች ከአየር ድብደባ ለማምለጥ ሌሊቱን በመጠለያዎች ውስጥ በተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድሩ ነበር። የወንበሩ የፊት ጠርዝ የጭናቸውን ጀርባ ይጫነው ነበር። ኪት ሲምፕሰን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940 ከረጋ ደም የተነሣ በሳንባ ደም ሥር መደፈን የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር በድንገት መጨመሩን አስተዋለና ጻፈ። ከቦምብ የተረፉትን ወንበሩ ገደላቸው ማለት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባስተባበረውና እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነው ጥናት ደግሞ፣ በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስ፣ በባቡርም ሆነ በመኪና አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ ደም በደም መልስ ውስጥ የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር ታውቋል። አንባቢ እንዳይደናገጥ ግን የዕድሉን መጠን እንንገር፤ ከአራት ሰዓት በላይ በአውሮፕላን ከበረሩ ጤናማ ሰዎች መካከል ችግሩ የሚደርሰው ከ6,000 በአንዱ ላይ ያህል ነው። የአንዱ ጉዞ አደጋ ትንሽ ነው። ነገር ግን ሌሎቹ በሮች ቀድመው የተከፈቱበት ሰው ስሌቱ ይለወጥበታል።

ሁለተኛው በር፦ የቆሰለ ግድግዳ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ደም መልስ ነበር። አሁን ልብንና አንጎልን ወደሚመግቡት ደም ቅዳዎች እንሻገር። ፈረንሳዊው ፐዋዜይ በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ፈሳሽ በቀጭን ቧንቧ እንዴት እንደሚፈስ ለዓመታት ለካ። ሐኪም ነበርና ጥያቄው የመጣው ከደም ነው። ያገኘው ሕግ ዛሬ በፊዚክስ መጻሕፍት ሁሉ ይገኛል፤ ግፊቱ ካልተለወጠ፣ በአንድ ሴኮንድ የሚፈሰው መጠን ከቧንቧው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ሬዲየሱ በ10 በመቶ ቢጠብ ፍሰቱ በ34 በመቶ ይቀንሳል፤ በግማሽ ቢጠብ የሚያልፈው ከ16 አንድ እጅ ብቻ ነው። እርግጥ ደም ሥር እንደ ብረት ቧንቧ ግትር ስላልሆነ፣ ደሙም በትርታ ስለሚፈስ ሕጉ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው በግምት ነው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ትንሽ ጥበት ብዙ ያጎድላል።

ግድግዳውን የሚያቆስለውና የሚያጠበው ምንድን ነው? ከፍተኛ የደም ግፊት በየትርታው ይደበድበዋል። የበዛ ስኳር ስስ ሽፋኑን ያበላሸዋል። የሲጋራ ጢስ ኬሚካሎች ይመርዙታል። በቆሰለው ስፍራ ኮሌስትሮል ገብቶ ይከማቻል፤ ከዓመታት በኋላም በግድግዳው ውስጥ እብጠት ይሠራል። አንድ ቀን የእብጠቱ ሽፋን ይሰነጠቃል። ፕሌትሌቶች ይህን ቁስል በእሾህ ከተወጋ ጣት ቁስል ለይተው አያውቁትም። ሊያድኑ ይሮጣሉ፤ ይጣበቃሉ፤ መረቡም ይዘረጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ቧንቧው ይዘጋል። ይህ በልብ ሲሆን የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ጡንቻ ድንገተኛ ሞት ነው፤ በአንጎል ሲሆን ስትሮክ ነው። በሽታው ሥር የሚሰድደው በዓመታት ነው፤ የረጋው ደም ግን ፍርዱን የሚሰጠው በደቂቃዎች ነው። «ትናንት ደህና ነበር» የምንለው ስለዚህ ነው። ትናንትም ደህና አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ኢንተርሃርት የተባለ ጥናት በ52 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ የልብ ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ ለመጀመሪያው የልብ አደጋ ከሚያጋልጡት ምክንያቶች 90 በመቶ ያህሉ በዘጠኝ ነገሮች እንደሚጠቃለሉ አሳየ። እነርሱም ማጨስ፣ የደም ቅባት መዛባት፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የሆድ ውፍረት፣ የአእምሮ ውጥረት፣ የአትክልትና ፍራፍሬ ማነስ፣ የአልኮል አጠጣጥና የእንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ከዘጠኙ አብዛኞቹ በእጃችን ያሉ ልማዶች ወይም የልማዶች ውጤት ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የአንድ ሰው አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን 8.3 ግራም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። በቀን የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ የማይመገበው ሕዝብ ከመቶው ከ95 በላይ ነው። አሶሳ በማንጎዋ የታወቀች ናት፤ በክልሉ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር የቆየ ማዕድ ነው። ወጣቱ ግን ማንጎውን ለገበያ ሰጥቶ ለስላሳ መጠጥና በዘይት የተጠበሰ ምግብ ሲገዛ እናያለን። በጨውም፣ በስኳርም፣ በቅባትም ረገድ የጥንቱ ገበታ ይሻለው ነበር።

ስለ ትምባሆ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። በክልሉ የቆየው ጋያም ሆነ በከተማ የተስፋፋው ሺሻ፣ ጢሱ በውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ «ይጣራል» ይባላል። ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም። ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ማጨስ በተጨማሪ ፕሌትሌቶችን ያነቃቃል፤ ፋይብሪኖጅንንም ያበዛል። ስለዚህ ሲጋራ ግድግዳውን አቁስሎ፣ የደሙን ይዘትም ለውጦ ሁለት በሮችን በአንድ ቁልፍ ይከፍታል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ስፍራዎች ማጨስን የከለከለውም ጢሱ የአጫሹ ብቻ ጉዳት ስላልሆነ ነው።

ጫትም ከዚሁ ጋር ይነሣል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በየመን የተደረገ ጥናት ጫት መቃምን ከልብ አደጋ ጋር አያይዞታል። ለሰዓታት ተቀምጦ መቃሙ፣ በመካከሉም ማጨሱ ሲታከልበት ሦስቱን በሮች በአንድ ከሰዓት በኋላ መጎብኘት ነው።

ሦስተኛው በር፦ የተለወጠ ደም

የደም ይዘት በብዙ ምክንያት ይለወጣል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንድ ካንሰሮች፣ ኤስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መከላከያ ኪኒኖች፣ እርግዝናና በተለይም ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋሉ። የእናቲቱ ደም ለመርጋት የሚዘጋጀው በወሊድ ጊዜ ብዙ እንዳይፈስስ ነውና ጥበብ አለበት። ነገር ግን አራስ እናትን ከአልጋ እንዳትነሣ መከልከል የመጀመሪያውን በር በሦስተኛው ላይ መጨመር ነው። ገንፎውና እንክብካቤው ይቀጥል፤ ሐኪም ካልከለከላት በስተቀር ግን ቶሎ ቶሎ ተነሥታ በቤት ውስጥ ትራመድ።

የሰውነት ውኃ ሲጎድል የደሙ ፈሳሽ ክፍል ስለሚያንስ ደሙ ይወፍራል፤ አፈሳሰሱም ይከብዳል። በቆላው ሙቀት ውኃ መጠጣት ተገቢ ነው። ሆኖም ውኃ ብቻውን በወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው አያድንም፤ መራመድን አይተካም።

እዚህ ላይ የቋንቋ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። በተለምዶ «ደም ማቅጠኛ» የሚባሉት መድኃኒቶች ደምን አያቀጥኑም። አንዳንዶቹ ፕሌትሌቶች እንዳይጣበቁ፣ ሌሎቹ ደግሞ የፕሮቲኖቹ ቅብብል እንዲዘገይ ያደርጋሉ እንጂ ደሙ የሚፈስበት ውፍረት ያው ነው። ለምሳሌ ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው። የዚህ ቫይታሚን ስም «ኬ» የተባለው ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም «መርጋት» ከሚለው የአገሩ ቃል መነሻ ፊደል ወስዶ ነው፤ ለግኝቱም እ.ኤ.አ. የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ቫይታሚኑ እንደ ጎመን ባሉ አረንጓዴ ቅጠሎች በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በፆም ወራት ጎመኑን በድንገት ቢያበዛ፣ በፍስክም በድንገት ቢያቆም የመድኃኒቱ ኃይል ይዋዥቃል። ጎመን ይተው ማለት አይደለም፤ መጠኑን አያለዋውጥ። ነጭ ሽንኩርት ወይም ዝንጅብል «ደም ያቀጥናል» ብሎ መድኃኒቱን መተው፣ ወይም ሐኪም ሳያዝ አስፕሪን በየቀኑ መውሰድ ደግሞ አደገኛ ነው።

ሾፌሩና ረዳቱ

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄረሚ ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ባልደረቦቹን ይዞ የለንደን አውቶቡሶችን ሠራተኞች መረመረ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ቲኬት ቆራጩ ደግሞ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በልብ በሽታ ይበልጥ የሚጠቁት፣ ይበልጥም የሚሞቱት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ። ይህን ጥናት ባነበብን ቁጥር ወደ አሶሳ የወሰደንን አውቶቡስ ረዳት እናስታውሳለን። ጣራ ላይ ወጥቶ ሻንጣ ሲያስር፣ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ፣ ሮጦ ሲሳፈር ሁለት ቀን ሙሉ ባቱ አላረፈም ነበር። ባልደረባችን ግን ከሾፌሩ ይልቅ የተቀመጡ ነበሩ።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገጠር እግር ገና ሥራ አልፈታም። የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት ዘንግ በሁለቱ ጫፎች ሸክም አንጠልጥለው ረጅም መንገድ ሲጓዙ ያየ ሰው አይረሳውም። ለፊዚክስ ተማሪ ሚዛኑ ራሱ ትምህርት ነው፤ የሁለቱ ሸክሞች የክብደት ማዕከል በትከሻ ላይ ያርፋል፤ እርምጃውም ከዘንጉ መወዛወዝ ጋር ይስማማል። ሸክሙን ማወደሳችን አይደለም፤ የሴቶቹ ድካም ሊቀልላቸው ይገባል። ልንል የምንወደው፣ ሸክሙ ሲቀር እርምጃውም አብሮ እንዳይቀር ነው። የእነዚህ እናቶች ልጆች ዛሬ በአሶሳ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው ወንበር ላይ ናቸው። ከቤት በባጃጅ ይመጣሉ፤ በክፍል ይቀመጣሉ፤ ማታም በስልካቸው ላይ አጎንብሰው ያመሻሉ። እናቶቻቸው ያልከፈቱትን በር ሳያስቡት ሊከፍቱት ይችላሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ልማድ የሚለወጠው በትንሽ በትንሹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህም በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ መሆኑ ነው። በረጅም ጉዞ ላይ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርደን እንራመድ፤ መውረድ ካልቻልን ተረከዛችንንና የእግራችንን ጣቶች እያፈራረቅን እናንሣ፤ ውኃም እንጠጣ። የሚያጨስ ያቁም፤ ካቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ የልብ በሽታ ተጨማሪ አደጋው በግማሽ ያህል ይቀንሳልና። ጨው እንቀንስ። የደም ግፊት ሳያምም ስለሚጎዳ፣ ሳንታመምም ቢሆን እንለካ።

ምልክቶቹንም እንወቅ። በክልሉ የእግር እብጠት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዝሆኔ የሚባለው ሕመም የታወቀ ነው። ነገር ግን ዝሆኔ የሚያሳብጠው በወራትና በዓመታት ነው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና አይታሽ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከታከለበት አንዲት ሰዓት እንኳ አይጠበቅም። የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛልና የአንደበት መተሳሰር የስትሮክ ምልክቶች ናቸው፤ «ጋኔን መታው» እያልን የምናባክነው ሰዓት የአንጎል ሕዋሳት የሚሞቱበት ሰዓት ነው።

ባልደረባችን ለወራት መድኃኒታቸውን ወስደው ድነዋል። ሲጋራውንም ትተዋል። ዛሬ አብረናቸው ስንጓዝ ለምሳ በቆምንበት ሁሉ ከሁላችን ቀድመው ወርደው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አውቶቡሱን ሲዞሩት ይታያሉ። ወጣቶቹ ተሳፋሪዎች ግራ ተጋብተው ያዩአቸዋል። እኛ ግን የሚሠሩትን እናውቃለን፤ ሁለተኛውን ልባቸውን እያስነሡ ነው።